«መንፈሳዊ ልብ ወለድ ቢሰለቸኝ ኃጢአት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። መንፈሳዊ የሚባሉትን ግን ገና ስጀምራቸው መጨረሻቸው ይታወቀኛል፤ ኃጢአተኛው ጠበል ይጠመቃል፣ ሁሉም ነገር ይቃናል። እውነቱን ልንገርዎትና ይሰለቹኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብ ግን አልቅሻለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ወላጆቹ በብፅዓት (ለእግዚአብሔር በስለት) ስለሰጡት እንዳያገባ መከልከሉ በቤተ ክርስቲያን ላይ አስቆጥቶኛል። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፍ አልጣመኝም ማለት ኃጢአት አይደለም። ሽፋኑ ላይ መስቀል ስላለ ብቻ ያልወደድሽውን ወደድኩት ብትዪ ነው ውሸት የሚሆነው። ቅሬታሽም እውነት አለው። መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ንስሐ ሲነግረን፣ ኃጢአቱ ከተወገደለት በኋላ እንኳ ልጁ መሞቱን፣ ቤቱም መታወኩን አልሸሸገም። ጠበል ተጠምቆ ሕመሙ ያልለቀቀው፣ በእምነቱ ግን የጸና ምእመን በየአጥቢያው አለ፤ የእሱን ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ባገኝ ደስታዬ ነው።

ልብ ወለድ መሆኑም አያስፈራሽ። ነቢዩ ናታን ያንኑ ዳዊትን የገሠጸው በአንዲት በግ ምሳሌ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የአሕዛብን ባለቅኔዎች ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)።

የበዛብህን ነገር ግን ረጋ ብለን እንየው። መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ የሚጽፉትን ያውቃሉ። ያሳዩሽ ጭንቀት በሰው ኑሮ ውስጥ የነበረ ነው። ሆኖም ልማድ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሐና ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ ልጁ በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት አደገ፣ ነቢይም ሆነ። ያው ሳሙኤል ግን ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች ነበሩት (1ኛ ሳሙ. 8፥2)። የእናቱ ስለት ልጅ ከመውለድ አላገደውም። ጌታችንም ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ከትዳር ስለሚርቁ ሲናገር «ሊቀበለው የሚችል ይቀበለው» ብሏል (ማቴ. 19፥12)። የሚቀበለው ባለቤቱ ነው፤ አባትና እናት ሊቀበሉለት አይችሉም።

ስለዚህ ልብ ወለድ ሲያስለቅስሽ አልቅሺ፤ ሃይማኖትን የሚነካ ጥያቄ ሲያስነሣብሽ ግን መልሱን ከደራሲው አትጠብቂ። በጾም ጊዜም ብታነቢ፣ የጸሎትሽን ሰዓት እንዳይሻማብሽ ብቻ ተጠንቀቂ።

ከቤተሰብሽ ወይም ከጎረቤትሽ ወላጆቹ የተሳሉበት፣ «ባገባ እቀሠፋለሁ» ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ ግን ብቻውን አይጨነቅ። ወላጆቹን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ።