ስለ ተንጠልጣይ ድልድይ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ስለ ድልድይ ማውራት አይሰለቸኝም። ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ መኪና የሚሸከመው ማነው? ምሰሶዎቹ አይደሉም?

መልስ፦ ምሰሶዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። መንገዱ በቋሚ ገመዶች ተንጠልጥሏል፤ እነሱ ከላይ ባለው ወፍራም ዋና ገመድ ላይ ታስረዋል። ዋናው ገመድ በምሰሶዎቹ አናት ላይ አልፎ ዳርና ዳር ይታሰራል። ሰው ፎቶ የሚያነሳው ምሰሶውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው ዳር ላይ ያለውን ግዙፍ ኮንክሪት ነው። ገመዱን ጠፍንጎ የያዘው እሱ ነው። እሱ ከተንሸራተተ ሌላው ሁሉ አይቆምም።

ጥያቄ፦ ገመዱ ለምን ይረግባል? ወጠር ቢያደርጉት አይጠነክርም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ገመድ ዳርና ዳር ያዙና መሃሉ ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሉ። ገመዱ ረገብ ሲል ብዙም አይከብድም። አሁን ቀጥ ለማድረግ ሳቡት። ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል፣ እግራችሁ ወደ መሃል ይንሸራተታል፤ ገመዱ ግን በጭራሽ ቀጥ አይልም። ባልዲው ያው ባልዲ ነው፤ የጨመረው ውጥረቱ ነው። ድልድዩም ላይ እንደዚያው። ከመጠን በላይ ከረገበ ደግሞ ምሰሶው መርዘም ስላለበት ወጪው ይንራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እርግበቱን በምሰሶዎቹ መካከል ካለው ርቀት አንድ አስረኛ ገደማ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ መሃሉ ላይ ምሰሶ ደርድሮ መገላገል አይቻልም?

መልስ፦ ውሃው ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉበት ከሆነ ከባድ ነው። ቱርክ ውስጥ በ2022 የተከፈተው የቻናካሌ ድልድይ በሁለቱ ምሰሶዎቹ መካከል 2,023 ሜትር አለው። ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ሪፐብሊኩ 100 ዓመት የሞላው በ2023 ነው።

ጥያቄ፦ ገመዱ ቢበጠስስ?

መልስ፦ ገመድ እንላለን እንጂ የሽቦ እስር ነው። በ1937 የተከፈተው የሳንፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ሁለት ዋና ገመዶች አሉት። እያንዳንዱ 92 ሳንቲሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ውስጡ ከእርሳስ የቀጠኑ 27,572 ሽቦዎች አሉ። አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይሸከሙለታል። አሜሪካ ውስጥ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ ግን በሽቦ ፋንታ በብረት ሰንሰለት ነበር የተንጠለጠለው። በ1967 ከሰንሰለቱ አንዲት ማያያዣ ተሰነጠቀች። ድልድዩ ወደቀ፤ 46 ሰው ሞተ።

ጥያቄ፦ ስሄድበት ሲወዛወዝ ተሰማኝ። ልፍራ?

መልስ፦ አትፍሪ። እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚያሰጋው ንፋሱ ራሱ ውዝዋዜውን እየመገበ ሲያሳድገው ነው። በ1940 አሜሪካ ውስጥ የታኮማ ድልድይ በተከፈተ በአራት ወሩ እንዲህ ሆነ። ንፋሱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አውሎ ነፋስ አይባልም። ነገር ግን የመንገዱ ጎንና ጎን በድፍን ብረት ስለተጋረደ ንፋሱ መሹለኪያ አጣ። ወለሉም ቀጭንና በቀላሉ የሚተጣጠፍ ነበር። እንደ ጨርቅ ግራና ቀኝ ተጠማዘዘና ተበጣጥሶ ወደቀ። ሰው አልሞተም፤ መኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ግን አብሮ ሄደ። በ1950 በቦታው የተተካው ድልድይ ጎኑ ንፋስ በሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ነው የተሠራው።