የወለቃ ምስሎችን ስበሪ ለተባልሽው እህት

ሻሎም እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አይቼው እንቅልፍ ነሳኝ። እናትሽ ከወለቃ፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው የሸክላ ሰሪዎች መንደር ያመጣቻቸው የሸክላ ምስሎች ሳሎን ተደርድረው ልጅሽ ለሻባት (ለሰንበት) ከየሺቫ (ከሃይማኖት ትምህርት ቤቱ) መጥቶ "ይሄ ፔሴል (የተቀረጸ ጣዖት) ነው፣ ወይ አውጪው ወይ አፍንጫውን ስበሪው" አለኝ ነው ያልሽው። በመጀመሪያ እባክሽ ምንም እንዳትሰብሪ። እኔ ሰብሬ ስለማውቅ ነው።

የኔም እናት የወለቃ ሸክላ ሰሪ ነበረች። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሻንጣ የሚባል የለንም፣ እሷ ግን ኦሪት ያቀፈ ትንሽ የሸክላ ቄስ በነጠላዋ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ መጣች። ከአመታት በኋላ አንዲት ጎረቤት ልክ እንደ ልጅሽ ስትለኝ ደነገጥኩና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼው በጠመንጃ መፍቻ አፍንጫውን ነካ ሳደርገው ፊቱ እንዳለ ወለቀ። እናቴ ምንም አላለችም፣ ስብርባሪውን በሳህን ሰብስባ ጠዋት በሙጫ ስትለጥፈው አገኘኋት። ያን ቀን ነው ደህና አድርጌ ልጠይቅ ያልኩት።

ቤታችን ያሉትን ምስሎች ሁሉ በዘንቢል ይዤ የሰፈራችን ራቭ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ጋ ሄድኩ። አንድ በአንድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቦታ ለያቸው፣ አንበሳው ዶሮዋ አህያው በአንድ በኩል፣ ሰዎቹ በሌላ በኩል። በሹልሀን አሩኽ፣ በአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ የእንስሳ፣ የወፍ፣ የአሳ፣ የዛፍ ቅርጽ ጎልቶ የወጣ ቢሆንም ይፈቀዳል አለኝ። እኔ አንበሳው ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ካየው ሰረገላ አራት ፊቶች አንዱ ስለሆነ ፈርቼ ነበር፣ ግን ክልክሉ አራቱ ፊቶች አንድ ላይ ሲሰሩ ነው እንጂ አንበሳ ለብቻው ችግር የለውም። ስለዚ የይሁዳ አንበሳሽን በሰላም አስቀምጪ።

ጭቅጭቁ ሰው ላይ ነው። ራምባም የሚባለው የድሮ የሕግ ሊቅ የጻፈው ለጌጥ ብቻ ቢሆን እንኳ የሰው ምስል ጎልቶ ወጥቶ አይሰራም ነው፣ ምክንያቱ ደሞ አይቶ የሚሳሳት እንዳይኖር። ጠፍጣፋ ስዕል ወይ ወደ ውስጥ የተቀረጸ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ለዛ ነው ፎቶ የሚሰቀለው፣ ልጅሽም ክፍሉ ውስጥ የአንድ ትልቅ ራቭ ፎቶ ሳይሰቅል አይቀርም 😄 ሹልሀን አሩኽ ደሞ "አንዳንዶች እንደሚሉት" ብሎ ክልክሉ ሙሉ አካል ሲሆን ነው፣ ራስ ብቻ ወይ ራስ የሌለው አካል አይከለከልም የሚል አስተያየት ያስገባል። ስብራቱ ከዚ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ከጎደለ ሙሉ አይደለምና። አፍንጫ የሚባለው ግን ከሚሽና (ከጥንቱ የራቮች ሕግ ስብስብ) ይመስለኛል፣ እዛ አሕዛብ ጣዖቱን የሚሽረው የጆሮውን ጫፍ፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የጣቱን ጫፍ ቆርጦ ነው ይላል። እሱ ግን የሚመለክ ጣዖት ነው። የእናትሽን እንጀራ ጋጋሪ ማን አመለካት?

ማስቀመጥና መስራት ደሞ አንድ አይደለም። መስራቱ ራሱ ክልክል ነው፣ ማስቀመጡ ላይ ግን ዋናው ፍርሃት ሰው "ይሄ ያመልከዋል" ብሎ እንዳይጠረጥር ነው። ለልጆች አሻንጉሊት የእስራኤል ዋና ራቭ የነበሩት ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ፈቅደዋል።

ለልጅሽ የጥንቱን ሊቅ የራባን ገምልኤልን ታሪክ ንገሪው። አኮ ከተማ የግሪኮች አምላክ የአፍሮዲጤ ምስል ያለበት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲታጠብ አንዱ እንዴት እዚ ትገባለህ ቢለው፣ እኔ እሷ ክልል አልመጣሁም እሷ ናት እኔ ክልል የመጣችው፣ ሰው መታጠቢያውን ለአፍሮዲጤ ጌጥ ብሎ አይሰራም፣ እሷን ነው ለመታጠቢያው ጌጥ የሚያደርጋት አለ። ይሄ ሚሽና ውስጥ ያለ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም።

ሁሉ ሰው የሚረሳው ፀሀይና ጨረቃ ነው። እነሱ ላይ ሕጉ ከሰው ይከብዳል፣ ለማስተማር ካልሆነ ጠፍጣፋም ቢሆን አይሰሩም። ታዲያ ሰሜን እስራኤል ቤት አልፋ በ1928 የኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ሰዎች የመስኖ ቦይ ሲቆፍሩ የተገኘው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ወለል መሀል ላይ ፀሀይ በአራት ፈረስ ሰረገላ ቁጭ ብላለች! ራቩን ስጠይቀው ሳቀና "እነሱ እኔን አልጠየቁኝም" አለኝ።

የኛ እናቶች ታልሙድ (ሚሽናና ማብራሪያው) አልነበራቸውም፣ ኦሪት ነበራቸው፣ ስራቸውም ጀበናና ምጣድ እንስራ ነበር። ምስሉ የመጣው ፈረንጅ ጎብኚ ወለቃ መምጣት ሲጀምር ነው፣ የሚገዛውን ሰሩለት፣ ንጉስ ሰለሞንና ሳባን አንድ አልጋ ላይ ሳይቀር (እሱ ካለሽ ለልጅሽ አታሳዪው)። ቡዳ እየተባሉ ጭቃ ረግጠው ልጅ ያሳደጉበት ነውና ጣዖት ሲባል ያመኛል፣ ሕጉን ግን አልንቅም። እኔ ራሴ አሁን ስሰራ ሰው ከሆነ ጭቃው ጠፈፍ ሲል ሳይቃጠል በፊት ከጆሮው ጫፍ በቢላ ቁራሽ አነሳለሁ፣ ገዢ አያየውም።

ለናትሽ ስራ ግን ቢላም አያስፈልግ ይሆናል። ራቩ የኔዎቹን ሰዎች ወደ መብራት አስጠግቶ እያገላበጠ ሲያይ የአንዷ ጣት የለም፣ የሌላው ጆሮ ተሸርፏል፣ "እነዚህማ ስብራታቸውን መንገድ ላይ ጨርሰዋል" ብሎ መለሰልኝ። ከጎንደር እዚ ድረስ መጥቶ ምንም ያልተሸረፈ ሸክላ እስካሁን አላየሁም። የስልክሽን መብራት አብርተሽ ጆሮና ጣታቸውን እዪና ከልጅሽ ጋር ሆናችሁ የራሳችሁን ራቭ ጠይቁ፣ ሙጫ ካስፈለገሽ ደሞ የትኛው እንደሚይዝ እነግርሻለሁ።