ገበያው ሲወጣም ሲወርድም የጡረታ ገንዘባችንን ምን እናድርገው? ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር የእድራችን አባላት ስለ ጡረታ ቁጠባና ስለ አክሲዮን ገበያ ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የጡረታ ሒሳብ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለ ሠራሁ መልሱን እንድጽፍ ተጠይቄአለሁ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ገበያው ጣራ ነክቷል ይባላል። እስኪወርድ ብጠብቅ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፣ እህቴ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ፣ የትርፍ ድርሻ ሲጨመርበት፣ በ2023 ወደ 26 በመቶ አደገ። በዚያ ዓመት መጨረሻ «አሁንስ በዛ፤ ይውረድና እገባለሁ» ያለ ሰው የ2024ን 25 በመቶ ገደማ ዕድገት ቆሞ አየ። ዋጋው ከፍ ማለቱ ብቻ ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ አይወድቅም ማለትም አይደለም።

ደግሞም አንቺ ገንዘቡን የምታስገቢው በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዝሽ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። ገበያው ቢወድቅ በዚያው መዋጮ ብዙ አክሲዮን ትገዣለሽ። በአንቺ ዕድሜ ያለን ሰው ውድቀት የሚጎዳው ደንግጦ ሲሸጥ፣ ወይም ሥራ አጥቶ ለቤት ኪራይ ብሎ ከጡረታው ሲያወጣ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖርሽ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ይኑርሽ። ቀጣሪሽ በ401ኬ ሒሳብሽ (በቀጣሪ በኩል ከደመወዝ እየተቆረጠ በሚጠራቀመው የጡረታ ሒሳብ) ላይ የሚጨምረው ገንዘብ ካለ ደግሞ አንድ ዶላር ሳታስቀሪ ውሰጂ። አንዳንድ ቀጣሪዎች ጥቂት ዓመት ሳይሠራ የለቀቀን ሰው የጨመሩለትን መልሰው ይወስዳሉ፤ ሥራ ከመቀየርሽ በፊት ይህን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው፤ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። 420 ሺህ ዶላር አለኝ፤ ሁሉም አክሲዮን ላይ ነው። በ2008 ሁሉም ሲሸጥ እኔ ሳልነካው ቆይቼ ተመልሶልኛል። አሁን ለምን ልፍራ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ያኔ ያደረጉት ትክክል ነበር። ነገር ግን ያኔ ደመወዝ ነበረዎት። ገበያው ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ድረስ 57 በመቶ ያህል ወድቆ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰው በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። በእነዚያ ዓመታት እርስዎ በርካሽ ይገዙ ነበር። በ2007 መጨረሻ ጡረታ የወጣ ሰው ግን ለአስቤዛው ሲል በወደቀ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ የሸጠው አክሲዮን ደግሞ ገበያው ሲያገግም አብሮት አያገግምም።

በቁጥር እንየው። ጡረታ በወጡበት ዓመት 20 ሺህ ዶላር ቢያወጡ 400 ሺህ ይቀራል። ከዚያ ገበያው 30 በመቶ ቢወድቅ 280 ሺህ ይሆናል። የመጀመሪያው 20 ሺህ ከቁጠባዎ 5 በመቶ አይሞላም ነበር፤ ቀጣዩ 20 ሺህ ግን ከ7 በመቶ በላይ ነው። ያው ውድቀት ከ15 ዓመት በኋላ ቢመጣ ይህን ያህል አይጎዳም። አደገኛዎቹ ከጡረታ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ እርስዎም ያሉት እዚያው ላይ ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሒሳቡን የምጀምረው ከቤት ወጪ ነበር። ለምሳሌ የእርስዎና የባለቤትዎ የወር ወጪ 4,500 ዶላር፣ የሁለታችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ ክፍያ) 3,300 ዶላር ቢሆን ክፍተቱ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ዶላር ነው። የአምስት ዓመቱ 72 ሺህ ይሆናል፤ ከ401ኬ የሚወጣ ገንዘብ ግብር ስላለበት ወደ 85 ሺህ ከፍ አድርጉት። ይህን ያህሉን ዛሬ ከአክሲዮን አውጥታችሁ በመኒ ማርኬት (ዋጋው እምብዛም በማይዋዥቅ፣ እንደ ጥሬ ገንዘብ በሚቆጠር ፈንድ) እና በአጭር ጊዜ ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ በሚሰጥ ብድር) አስቀምጡ። እዚያው ሒሳብ ውስጥ ከአንዱ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰባስቦ ብዙ አክሲዮን ወይም ቦንድ ከሚገዛበት) ወደ ሌላው ማዛወር ግብር አያስከፍልም። ከዚያ በኋላ ገበያው ቢወድቅ ከዚህኛው እየበላችሁ አክሲዮኑን ታቆዩታላችሁ። ከቀረው ውስጥ ከፊሉን ወደ ቦንድ ብታዛውሩ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ሁሉን መሸጥ ግን አልመክርም። ገና 25 እና 30 ዓመት ልትኖሩ ትችላላችሁ፤ በዚያን ያህል ጊዜ ውስጥ የዋጋ ንረት ጥሬ ገንዘብን ይበላዋል።

ሶሻል ሴኩሪቲን ደግሞ ለመውሰድ አትቸኩሉ። በ1960 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ክፍያ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። በ62 ቢጀምር 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ እስከ 70 ቢጠብቅ 24 በመቶ ይጨመርለታል። ይህ ጭማሪ ገበያ የማይነካውና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው። ጤናና ሥራ ካለ ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ አላውቅም።

ጥያቄ፦ «ሁልጊዜ ይመለሳል» ትላላችሁ። ዋስትናው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋስትና የለም። የጃፓን ኒኬይ መለኪያ በ1989 መጨረሻ ከደረሰበት ከፍታ ላይ እንደገና የቆመው በየካቲት 2024 ነው፤ 34 ዓመት ፈጀበት። የአሜሪካው ዳው ጆንስም ከ1929 ውድቀት በኋላ የቀድሞ ዋጋውን ያገኘው በ1954 ነው። በመካከሉ የትርፍ ድርሻ ይከፈል ስለነበርና ሰው በወደቀ ዋጋ ይገዛ ስለነበር የእውነተኛው ቆጣቢ ኪሳራ ቁጥሩ እንደሚመስለው አይከፋም። ቢሆንም ትምህርቱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካን ብቻ ሳይሆን የዓለምን ገበያ የሚይዝ ፈንድ እንድትጨምሩ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የምትፈልጉትን ገንዘብ ደግሞ አክሲዮን ላይ እንዳታስቀምጡ ደጋግሜ የምለው።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ 2025 አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የምትጥለው ቀረጥ ዜና ሲወጣ ሁሉንም ሸጥኩ። አሁን ጥሬ ገንዘብ ይዤ ተቀምጫለሁ። 45 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራስህን አትውቀስ፤ በዚያ ሳምንት እንደ አንተ ያደረጉ ብዙ ነበሩ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 እስከ ሚያዝያ 8 ድረስ ከየካቲት ከፍታው 19 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 9፣ በአንድ ቀን 9.5 በመቶ ተነሣ፤ በሰኔ መጨረሻ አዲስ ክብረ ወሰን ያዘ። ከሸጡ በኋላ መመለስ ከመሸጡ ይከብዳል፤ ምክንያቱም «ልክ እንደ ገባሁ ይወድቃል» የሚል ፍርሃት አይለቅም። እንዲህ አድርግ፦ ከደመወዝህ የሚቆረጠው መዋጮ ከዛሬ ጀምሮ በቀጥታ ወደ አክሲዮን ፈንድ ይግባ። የተቀመጠውን ለስድስት ከፍለህ በየወሩ በተቆረጠ ቀን አስገባ፤ በዚያን ቀን ዜናው ምንም ይሁን ምን። ነገር ግን በጠቅላላው የምትይዘው አክሲዮን ከቀድሞው ያነሰ ይሁን። ሁሉንም የሸጥከው ከአቅምህ በላይ ይዘህ ስለነበር ነው፤ 60 በመቶ ይዞ የሚጸና ሰው 100 በመቶ ይዞ ከሚሸሽ ሰው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ 47 ዓመቴ ነው፤ ቀጣሪ የለኝም። ያለኝን ሁሉ በአንድ የቺፕ አምራች ኩባንያ አክሲዮን ላይ አድርጌዋለሁ፤ ከእጥፍ በላይ አትርፏል።

መልስ፦ እንኳን አተረፉ። አሁን ግን አብዛኛውን ያውጡት። ኤንሮን የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ አክሲዮን በ2000 ከ90 ዶላር በላይ ነበር፤ በታኅሣሥ 2001 ኩባንያው ኪሳራ ሲያውጅ ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የሠራተኞቹ 401ኬ ከግማሽ በላይ በዚያው አክሲዮን ላይ ስለነበር ሥራቸውንም ጡረታቸውንም በአንድ ጊዜ አጡ። እነሱም ኩባንያቸውን በደንብ እናውቀዋለን ይሉ ነበር። በአንድ ኩባንያ ላይ ከቁጠባዬ 5 በመቶ በላይ አላኖርም።

ቀጣሪ ባይኖርዎትም ሴፕ አይአርኤ (አይአርኤ ሰው በራሱ ስም የሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ ነው፤ ሴፕ ለግል ሥራ የሚመች ዓይነቱ ነው) ወይም ለብቻ ሠራተኛ የተዘጋጀ 401ኬ መክፈት ይችላሉ፤ መዋጮዎ ከትርፍዎ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ለነጂዎች ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። የጥሬ ገንዘብ ገቢን በግብር ሰነድ ላይ አለማሳየት ዛሬ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሰላው ከተመዘገበው ገቢ ነው። 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ የአሥር ዓመት ሥራ፣ ያላስመዘገበ ሰው በራሱ ሥራ የጡረታ ክፍያ አያገኝም። ሃያ ዓመት ሌሊት ሲነዳ የኖረ ሰው በስተርጅና ይህን ሲሰማ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ቦንድ ወለድ ስላለው አልይዝም። ያለ ቦንድ እንዴት ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወለድ የሌለባቸው የሱኩክ ፈንዶች አሉ፤ ሱኩክ በወለድ ፈንታ ከንብረት ኪራይ ወይም ትርፍ የሚከፍል ሰነድ ነው። በሸሪዓ መመዘኛ የሚመረጡ አክሲዮኖችን የሚይዘው የአማና ፈንድ በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ አለ። በቀጣሪዎ የ401ኬ ፈንዶች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ከዝርዝሩ ውጭ መግዛት የሚፈቅድ የግል መስኮት እንዳለ ይጠይቁ፤ ከሌለ በራስዎ አይአርኤ መግዛት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። 401ኬዬን አውጥቼ አዲስ አበባ ቤት ልግዛ? ወይስ አዲሱ የአክሲዮን ገበያ ላይ ላውለው?

መልስ፦ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጡ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት አለው፤ በላዩ ላይ የፌዴራልና የስቴት ግብር ይመጣል። ብዙ ገንዘብ በአንድ ዓመት ሲወጣ ደግሞ የግብሩ መጠን ራሱ ከፍ ይላል። ቤት መግዛቱን አልቃወምም፤ ከጡረታ ቀድሞ በተጣለ ቅጣት መግዛቱን ግን እቃወማለሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2025 ነው፤ ገና ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው ያሉበት፤ መሸጥ በፈለጉ ጊዜ ገዢ ላያገኙ ይችላሉ። ብሩ በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ማለፉንም ያስታውሱ። ወደ አገር ቤት ለመመለስ የሚያስብ ሰው ወጪው በብር፣ ቁጠባው በዶላር መሆኑ እስካሁን ጠቅሞታል። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአጠቃላይ አይከፍልም። የሕክምናውን ገንዘብ ለብቻው አስቡት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሁሉም አክሲዮን ይሁን ትላለች፤ እኔ እፈራለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ የሁለታችሁንም ሒሳብ እንደ አንድ ቁጠባ ቁጠሩት። የእሷ 401ኬ 90 በመቶ፣ የአንተ 40 በመቶ አክሲዮን ቢሆንና መጠናቸው እኩል ቢሆን ቤቱ 65 በመቶ ላይ ነው። በቤቱ ቁጥር ተስማሙና ጻፉት፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ተቀምጣችሁ ከዚያ የራቀውን መልሱ። ያኔ የወጣውን ትሸጣላችሁ፣ የወረደውን ትገዛላችሁ፤ ዜና መከታተልም አያስፈልጋችሁም። በዚያው ቀን የወራሽ ቅጹንም ተመልከቱ፤ ከጋብቻችሁ በፊት በተከፈተ አይአርኤ ላይ የተጻፈው ስም ከኑዛዜ ይቀድማልና።