ዲጂታል ሥዕል ለመልመድ ዕቃ ደርድሮ መሳል ለምን ያስፈልጋል?

ጠያቂዋ እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ስክሪን የሌለው የሥዕል ታብሌት ገዝተው ክሪታ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ መሥራት ከጀመሩ ጥቂት ወራት እንደ ሆነዎት፣ ቪዲዮ እየተከተሉ ሲሠሩ ሥዕሉ እንደሚያምርልዎት፣ ብቻዎን ባዶ ገጽ ፊት ሲቀመጡ ግን ከየት እንደሚጀምሩ እንደሚጠፋብዎት ጽፈዋል። ፍላጎትዎ የሰው ፊትና የታሪክ ገጸ ባሕርያትን መሳል ሆኖ ሳለ የጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ «መጀመሪያ ስቲል ላይፍ ሥሪ»፣ ማለትም ዕቃ ደርድረሽ እያየሽ ሳይ፣ የሚሉዎት ለምን እንደ ሆነ፣ በየቀኑ መሥራትም ግዴታ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። እኔ ለሕፃናት መጻሕፍት በዲጂታል መንገድ ሥዕል እየሠራሁ ጀማሪዎችንም ለዓመታት ሳለማምድ ስለ ቆየሁ፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

ቪዲዮ ተከትለው የሠሩት ሥዕል የሚያምረው አስቸጋሪውን ሥራ ሌላ ሰው ስለ ጨረሰልዎት ነው። አስቸጋሪው ሥራ መወሰን ነው፤ ይህ ክፍል ከጎኑ ካለው ይጨልማል ወይስ ይነጣል፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል ወይስ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል ወይስ ወደ አረንጓዴ የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ በቪዲዮው ላይ ያለው ሠዓሊ አስቀድሞ መልሷቸዋል፤ እርስዎ የሚቀበሉት የተዘጋጀ መልስ ነው። ከፎቶ መሳልም በከፊል እንደዚሁ ነው፤ ካሜራው ጥላውን አጥቁሮ፣ ደማቁን ክፍል አንጥቶ፣ ሁሉንም ጠፍጣፋ አድርጎ ያቀርብልዎታል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ግን ምንም አይወስንልዎትም። ስቲል ላይፍ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ባዶ ገጽ ፊት የጎደለዎትን ችሎታ በቀጥታ የሚያለማምደው እርሱ ነው።

«ታዲያ ለምን የሰው ፊት በመሳል አልጀምርም?» ይሉ ይሆናል። ፊት ላይ አእምሮአችን አስቀድሞ የያዘው ምልክት አለው፤ ዓይን ማለት የለውዝ ቅርጽ መካከሉ ክብ፣ አፍ ማለት አንድ መስመር እያለ እጃችንን ይመራዋል፤ በዚህም የተነሣ የምናየውን ትተን የምናውቀውን እንስላለን። በሌላ በኩል አንድ ጀበና ልብ ብለው ቢመለከቱ የፊትን ችግር በሙሉ ያለ ምልክቱ ያገኙበታል። ሆዱ እንደ ራስ ቅል ክብ ነው፤ አንገቱ እንደ ሰው አንገት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ በርሜል ነው፤ እጀታው በሆዱ ላይ የሚጥለው ጥላ አፍንጫ በጉንጭ ላይ ከሚጥለው ጥላ ጋር በአንድ ሕግ ይሠራል። ጀበና ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ አይሰለቸውም፣ ፊቴን አበላሸሽው ብሎም አይቀየምም።

ስለዚህ የምመክርዎት የሚከተለውን ነው። አንድ ጥቁር ጀበና ማቶቱ ላይ ያስቀምጡ፤ ከጎኑ አንድ ነጭ ሲኒና አንድ ቀይ ሽንኩርት ያድርጉ፤ ከሥራቸው አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ ጌጥ የሌለው ጨርቅ ያንጥፉ። ከዚህ በላይ ዕቃ አይጨምሩ። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ፤ በመስኮት ብርሃን የሚሠሩ ከሆነ የክፍሉን አምፖል ያጥፉ፣ በአምፖል የሚሠሩ ከሆነ መጋረጃውን ይዝጉ። ሁለት ብርሃን ከተደባለቀ ጥላው ሁለት ይሆንና ጀማሪ ዓይን የትኛው ከየትኛው እንደ መጣ መለየት ያቅተዋል።

ስለ መስኮት አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ የሥዕል መጻሕፍት ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ለማግኘት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ ይላሉ፤ ለአውሮፓ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለ ሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በእነዚህ ወራት በሰሜን መስኮት በቀጥታ ልትገባ ትችላለች። በበጋ የሰሜኑ መስኮት በእርግጥ ይመረጣል። ከሚያዝያ ወዲህ ግን በደቡብ በኩል መሥራት ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ በመስኮቱ ላይ መጋረድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጀበናው ጥቁር፣ ሲኒው ነጭ መሆኑን ስለምናውቅ ጀበናውን በሙሉ ጥቁር፣ ሲኒውን በሙሉ ነጭ እናደርጋለን። ዓይንዎን ከደን አድርገው በሽፋሽፍትዎ መካከል ሲመለከቱ ግን ሌላ ነገር ያያሉ። ወደ መስኮቱ የዞረው የጀበናው ትከሻ ብርሃን አርፎበት ግራጫ ሆኗል፤ ከመስኮቱ የራቀው የሲኒው ውስጥ ደግሞ ጨልሟል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነጻጽሯቸው ብዙ ጊዜ በጣም ተቀራራቢ ሆነው ያገኟቸዋል፣ አንዳንዴም የነጩ ሲኒ ጥላ ከጥቁሩ ጀበና ብርሃን ይጨልማል። ዓይናችን ይህን በቀላሉ አይቀበለውም፤ የአንድን ቦታ ድምቀት የሚፈርደው ከጎኑ ካለው ጋር እያስተያየ ነው። በፓሪስ በጎብላን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሼቭሬል፣ የፋብሪካው ጥቁር ክር ጥቁረቱ ደካማ ነው የሚል ቅሬታ ሲቀርብለት መርምሮ ችግሩ በማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ ጎን በተሸመኑት ቀለሞች መሆኑን ደረሰበት፤ በእ.ኤ.አ. 1839 ያሳተመው ስለ ቀለማት መነጻጸር የሚናገረው ሥራው መነሻው ይኸው ነበር። የእርስዎ ጀበናና ሲኒ ያንኑ ትምህርት እቤትዎ ድረስ ያመጡልዎታል።

በዲጂታል መሥራት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሥዕልዎን ሲጨርሱ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚደረብ ገጽ) ይጨምሩ፣ በጥቁር ይሙሉት፣ የመደራረቢያ ስልቱንም «ከለር» ያድርጉት፤ ሥዕሉ ወዲያው ወደ ነጭና ጥቁር ይቀየራል። የዕቃዎቹንም ፎቶ በስልክዎ አንሥተው ወደ ነጭና ጥቁር ይቀይሩና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ይህን ማድረግ ያለብዎት ግን ከጨረሱ በኋላ ነው። ቀለም መምረጫውን በፎቶው ላይ እያሳረፉ ቀለም መውሰድን ደግሞ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲተዉት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ያ መሣሪያ በእርስዎ ቦታ ይወስናል፣ ዓይንዎም ሳይለማመድ ይቀራል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ አንድ ጠንካራ ክብ ብሩሽ ብቻ ይያዙ። የብዕሩ ግፊት የብሩሹን ውፍረት ብቻ እንዲቀይር፣ ድፍንነቱ (ከሥሩ ያለውን አለማሳየቱ) ግን ሙሉ ሆኖ እንዲቀር ያድርጉት። መጀመሪያ በሁለት ደረጃ ብቻ ይሥሩ፤ ብርሃን የነካው ሁሉ አንድ ግራጫ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ሌላ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሁን። ይህ የሁለት ደረጃ ሥዕል ሳይስተካከል ወደ ፊት አይሂዱ፤ ከሩቅ ሲታይ ጀበና ካልመሰለ በኋላ የሚጨመር ምንም ዝርዝር አያድነውም። ከዚያ በመካከላቸው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ይጨምሩ። ክብ ነገር ላይ ሲያስተውሉ ከብርሃኑ ወደ ጥላው በሚዞርበት ቦታ ጠቆር ያለ መቀነት ያያሉ፤ ከዚያ አልፎ ጥላው ውስጥ ከጨርቁ የተንጸባረቀ ደካማ ብርሃን ይኖራል። ጀማሪዎች ይህን የተንጸባረቀ ብርሃን እጅግ ስለሚወዱት ከልክ በላይ ያነጡታል፤ የቱንም ያህል ቢታይ ጥላ ውስጥ ነውና ብርሃን ከነካው ክፍል ሊበልጥ አይገባውም። ከሁሉ የሚጨልመው ማቶቱ ጨርቁን የሚነካበት ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ ያን አንድ መስመር በትክክል ሲያስቀምጡ ጀበናው በአየር ላይ መንሳፈፉን ትቶ ይቀመጣል።

አንጸባራቂውን ነጥብ በመጨረሻ ያድርጉት፤ በሁለቱ ዕቃዎች ላይም አንድ ዓይነት አድርገው አይሳሉት። የሲኒው ገጽ መስታወት መሰል ልባጥ ስላለው መስኮቱን በትንሹ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ አንዳንዴ የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ያሳያል። ጀበናው ግን የታሸ ሸክላ ስለ ሆነ ብርሃኑ በላዩ ላይ ሰፍቶ፣ ለስልሶ፣ ዳሩ ሳይታወቅ ይሟሟል። አንድ ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ የሚናገረው ከቀለሙ ይልቅ ይህ ልዩነት ነው፤ ነገ የገጸ ባሕርይዎን የብር መስቀልና የጥጥ ሸማ ሲስሉ የሚለዩበት ጥበብ ይኸው ነው።

ጠርዝንም እንዲሁ ያስተውሉ። ጥላ ውስጥ ያለው የጀበናው ጎን ከጀርባው ካለው ጨለማ ጋር ሲገናኝ መስመሩ ይጠፋል፤ እርስዎም ያጥፉት። ዙሪያውን በአንድ ወጥ መስመር የማጠር ልማድ ካለብዎት ደግሞ ከየት እንደ መጣ ማወቁ ይጠቅማል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በመስመርና በወጥ ቀለም የሚናገር እንጂ ከአንድ አቅጣጫ በሚመጣ ብርሃን የሚናገር አይደለም፤ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን የሚያሳይበትን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ የራሱ ሙሉ ቋንቋ ነው፣ እጅግም አከብረዋለሁ። የታሪክ ገጸ ባሕርያትን የመሳል ፍላጎት ስላለዎት አንድ ቀን ሁለቱን ማዋሐድ ይፈልጉ ይሆናል፤ ለዚያ ግን ሁለቱንም ለየብቻ ማወቅ ይኖርብዎታል።

ቀለም የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጥላን ጥቁር በመጨመር አይሥሩ። ሙዝ ስለው ቢጫውን በጥቁር ቢያጨልሙት ወደ ቆሻሻ አረንጓዴ ይሄድብዎታል፤ ሲያጨልሙት በቀለም ክቡ ላይ ወደ ብርቱካናማው በኩል ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ሙዝነቱን ይጠብቃል። ከሽንኩርቱ ወደ ሲኒው የሚዘልለውን ቀላ ያለ ነጸብራቅም ይፈልጉት፤ ሲኒውን ወደ ሽንኩርቱ ሲያስጠጉት ይጎላል፣ ሲያርቁት ይጠፋል።

ስለ ልምምዱ ድግግሞሽ የጠየቁትን ስመልስ፣ በየቀኑ መሥራት ግዴታ አይደለም፤ ቀኑ ተለይቶ የታወቀ መሆኑ ግን ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አራት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ከእሑድ ሙሉ ቀን ይበልጣል። እሑድን ሙሉ የሚሠሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል በማሳመር ያጠፉታል፤ አራት ጊዜ የሚቀመጡት ግን አራት ጊዜ ከባዶ ገጽ ይጀምራሉ፣ እርስዎን የቸገረዎትም መጀመሩ ነው። የመስኮት ብርሃንም ከዚያ በላይ አይጠብቅዎትም፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የያዙት ጥላ 4 ሰዓት ላይ ቦታውን ለቋል። ሰዓቱ ሲያበቃ ያቁሙ፣ ሥዕሉ ባያልቅም ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጀበና በአዲስ ገጽ ይጀምሩ። ዕቃ ከመቀያየር ይልቅ ብርሃኑን ይቀያይሩ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ (1890–1964) በቦሎኛ እነዚያኑ ጠርሙሶችና ጣሳዎች እያፈራረቀ ሲደረድር ዕድሜውን አሳልፏል፤ ሥራዎቹን በኢንተርኔት ፈልገው ጎን ለጎን ቢያዩአቸው ጠርሙስ ትንሽ ሲጠጋ ወይም ሲርቅ ሥዕሉ በሙሉ እንዴት እንደሚለወጥ ይረዳሉ።

መሣሪያውን በአጭሩ ላንሣ። ክሪታ ነፃ ነው፣ ለሚፈልጉት ሁሉም ይበቃል፤ የወርኃዊ ክፍያ ፕሮግራም አያስፈልግዎትም። የኮምፒውተርዎ ራም 4 ጊጋባይት ከሆነ ገጹን በትልቁ ጎን ከ1500 ፒክሰል አያሳልፉት፤ ለጥናት ይበቃል፣ ከመጠን በላይ እያጎሉ በዝርዝር ከመጥፋትም ይጠብቅዎታል። «ኤም» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ሥዕሉ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ የተጣመመ ሲኒ ወዲያው ይታይዎታል። የታብሌትዎን ቅንብር ደግሞ ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ የታብሌቱ የሥራ ክልል ርዝመትና ወርድ ከስክሪንዎ ጋር ካልተመጣጠነ እጅዎ ክብ ሲያደርግ ስክሪኑ ላይ ሞላላ ይወጣል፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ እጃቸውን ይወቅሳሉ። 8192 የግፊት ደረጃ አለው የሚለው ማስታወቂያ ግን አያስጨንቅዎ፤ 2048ም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ማታ ሲሠሩ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የሌሊት ብርሃን ማጥፋትዎን አይርሱ።

የሰው ፊት ወደ መሳል መቼ እንደሚሻገሩ ለማወቅ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ። ጀበናውን ከግራ ብርሃን ደጋግመው ከሳሉት በኋላ ዞር ይበሉና፣ ሳያዩት፣ ብርሃኑ ከቀኝና ከላይ ቢመጣ ምን እንደሚመስል ይሳሉት፤ መቀነቱ የት ያልፋል፣ የእጀታው ጥላ በየት በኩል ይወድቃል፣ ሲኒው ጥላው ውስጥ ይገባል ወይስ ይወጣል። ከዚያ አምፖሉን ወደ ቀኝ አዙረው ያስተያዩት። ዋና ዋናዎቹ ጥላዎች ከሥዕልዎ ጋር ከተስማሙ ፊት መጀመር ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች እዚህ ሲለጥፉ የዕቃዎቹንም ፎቶ እርስዎ ከተቀመጡበት ቦታ አንሥተው አብረው ይለጥፉልን፤ ያለ እርሱ ሥዕሉ ያምራል ከማለት በቀር ምኑ ላይ እንደ ሳተ ልንነግርዎት አንችልም።