ባትሪ ቀየርኩ፣ መኪናዋ ግን ጠዋት አትነሳም

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ያላት የድሮ ሃይሉክስ አለችኝ፣ እቃ ይዤ ወደ ሀገረ ሰላም እመላለሳለሁ። ሀዋሳ ላይ ሁለት ሶስት ቀን ካቆምኳት ቁልፍ ስጠመዝዝ ቀቀቀቀ ትልና ዝም ትላለች፣ የሰፈር ልጆች ገፍተው ነው የሚያስነሱልኝ። ባትሪው ሞቷል አሉኝና አዲስ ገዛሁ፣ ወር ሳይሞላው እዛው ተመለሰች። ሀገረ ሰላም ካደርኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን ዞሮ የሚያስነሳው) ደህና እየዞረ ነጭ ጭስ ብቻ እያወጣች አልነሳም ትላለች፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ትነሳለች። አሁንም ባትሪ ቀይር እያሉኝ ነው፣ ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ፣ ሳይለካ አትቀይር። የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፣ መኪናህ ያለባት ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ ሁለቱንም ባትሪው ላይ ስለጫኑብህ ነው ብርህ እያለቀ ያለው።

ከሀገረ ሰላሙ ልጀምር። ሞተሪኖው ደህና ከዞረ ባትሪው ስራውን ሰርቷል። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም፣ አየሩን 22 እጥፍ አካባቢ ጨምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚቀጣጠለው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሀገረ ሰላም ግን ከዛ በብዙ ከፍ ያለ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ፣ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ያደረ፣ ስለዚህ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ (ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ግለው ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) ካልረዱት ናፍጣው ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ያ ነጭ ጭስ እሱ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭሱ ካልተወ እና የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን መካኒክ ይየው። ጭስ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም፣ ወይ አየር ስቧል ወይ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለው የናፍጣ መዝጊያ ኤሌክትሪክ አላገኘም።

ማሞቂያዎቹን መፈተሽ ከባድ አይደለም። አራቱን የሚያገናኘውን ብረት ፍታው፣ ይሄን ካልፈታህ አንዱ ደህና ከሆነ ሁሉም ደህና መስለው ይታዩሃል። ከዛ የ12 ቮልት መፈተሻ መብራት አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሰክተህ በሌላው የእያንዳንዱን ራስ ንካ፣ መብራቱ ካልበራ እሱ ተቃጥሏል። ሶስቱ ሞተው አንዱ ብቻ የሚሰራባት መኪና ሀዋሳ ላይ ልትነሳ ትችላለች፣ ደጋ ስትወጣ ነው ጉዷ የሚወጣው። አራቱም ደህና ከሆኑ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እየደረሳቸው መሆኑን ይለኩልህ፣ ብዙ ጊዜ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያቀብላቸው ማብሪያ) ነው። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ መሆን አለበት፣ ዝቅ ያለ ቮልት የሚፈልገውን ካስገባህ ቶሎ ይቃጠላል።

እባክህ አንድ ነገር፣ እንደዛ ጠዋት እምቢ ስትልህ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ አድርግ የሚልህን ሰው አትስማ። ማሞቂያው ግሎ ባለበት ቤንዚን ከገባ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል።

አሁን ወደ ሀዋሳው። ቮልት መለኪያ የሌለው ኤሌክትሪሺያን ጋ አትሂድ። መኪናዋ ካደረች በኋላ ሳታስነሳ ባትሪው 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት፣ 12 እና ከዛ በታች ከሆነ ባዶ ነው፣ ባዶ ማለት ግን የሞተ ማለት አይደለም፣ ቻርጅ አስደርገህ እንደገና ነው የሚፈረድበት። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም። የዚህ ሞተር ዲናሞ ጀርባው ላይ ለፍሬን የሚረዳው የቫኪዩም ፓምፕ ተገጥሟል፣ የፓምፑ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይት ወደ ዲናሞው ይገባና ካርቦኑን (ውስጡ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን) ያበላሸዋል። ስለዚህ ዲናሞው ዘይት በዘይት ከሆነ ካርቦን ብቻ አስቀይረህ እንዳትሄድ፣ ፓምፑም ይታይ፣ በተለይ ፍሬኑ ሰሞኑን ጠንከር ብሎህ ከሆነ ዛሬ ነገ አትበል፣ ከሀገረ ሰላም እቃ ጭነህ የምትወርደው ቁልቁለት ነው።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ቆማ ስታድር ባትሪ የምታወርድ ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ነገር አለ። ሁሉንም አጥፍተህ በሩን ዘግተህ ኔጌቲቩን ገመድ ፍታና አምፔር መለኪያውን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በገመዱና በባትሪው መሀል አስገባ (በዚህ ሰዓት ቁልፍ እንዳትጠመዝዝ፣ መለኪያው ይቃጠላል)። 0.05 አምፔር ቢያሳይ ምንም አይደል። ግማሽ አምፔር ካሳየ ግን በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፣ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሶስት ቀን ግማሹን አጣ ማለት ነው፣ ያንተ ችግር ቁጭ ይሄን ይመስላል። ከዛ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩ የቱ ጋ እንደሚወርድ እይ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተጨመረ ቴፕና አላርም ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ የዲናሞውን ገመድ ፍታ፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚከለክለው) ሊሆን ይችላል። የባትሪውን ራስና ኔጌቲቩ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትንም ፈተህ በብረት ብሩሽ አጽዳ፣ ለዚህ ገንዘብ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጡት ይሞታል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ የዛሬ ባትሪ እቃው ፕላስቲክ ነው፣ ሲሚንቶ ምንም አያደርገውም። የሚገድለው ሳይሞላ ለወራት መቀመጡ ነው፣ በየወሩ ለክተህ ከ12.4 በታች ሲወርድ ቻርጅ አድርገው።