ካካው ሲመጣ ዳይፐር ካልታሰረልኝ ለሚለው ልጅ

እህቴ፣ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነው፣ ሽንቱን ፖፖ ላይ ይሸናል፣ ካካው ሲመጣ ግን ዳይፐር ካላሰርሽልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ጎረቤቱም ዘገየ ይለኛል ላልሽው፤ አቦ፣ መጀመሪያ ጎረቤቱን ተዪው። ብዙ ልጅ የሚለምደው ከ2 እስከ 3 ዓመቱ ነው።

የእኔም እንደዚያው ነበር። እኛ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነን። ግቢ ውስጥ ከውሃው በርሜል ጀርባ ይሄድና በእግሩ ጣት ቆሞ፣ በርሜሉን በአንድ እጁ ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ጸጥ ይላል። ጠጋ ካልኩ "ሂጂ!" ይለኛል። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ፖፖው ላይ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት እይዘዋለሁ፤ እሱ እያለቀሰ፣ እኔ ላብ እያጠመቀኝ። በድሬ ሙቀት አስቢው! ሦስት ሳምንት በከንቱ።

አንድ ቀን ፓንቱ ላይ ቀጭን ነገር ጠብ ጠብ ሲል ተቅማጥ መስሎኝ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ለካ ድርቀት ነው! የደረቀው አልወጣ ሲል ቀጭኑ በጎኑ ያመልጣል። አንዴ ሲወጣ አሞታል፣ ከዚያ ፈርቶ መያዝ ጀመረ። ሲይዘው ደግሞ ይብስ ይደርቃል። እኔ እልህ መስሎኝ ስታገል የነበረው ከፍርሃቱ ጋር ነው።

ፖፖውን አንድ ወር ደበቅኩት። ዳይፐር ሲለኝ ያለ ጭቅጭቅ አሰርኩለት። ቀኑን ሙሉ ይጠጣው የነበረውን ወተት ቀነስኩ፣ ውሃና ፓፓያ አበዛሁ፣ ነርሷ ያዘዘችውን ማለስለሻ ሽሮፕም ሰጠሁት። አንቺ ግን ሳታሳዪው ከፋርማሲ እንዳትገዢ። ደም ካየሽ ወይ ሆዱ ተነፍቶ ካስመለሰው አትቆዪ፣ ቶሎ ውሰጂው።

ካካው ከለሰለሰ በኋላ ፖፖው ተመለሰ። ከምሳ በኋላ 5 ደቂቃ ብቻ፤ ምግብ ሲገባ አንጀትም ይነቃቃልና። መጀመሪያ የተቀመጠው ዳይፐሩን እንዳሰረ ነው፣ አማቴ በሳቅ ልትሞት! ቀስ በቀስ ዳይፐሩን አላላነው፣ ከዚያ አወለቅነው። ፖፖው እግሩ መሬት የሚያስነካው ይሁን። ሙዚቃ የሚዘፍነው ገንዘቤን በልቶ ቀረ፤ የጠቀመን እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ተራ ፕላስቲክ ነው።

ሽንት እንዳያመልጠው ብለሽ ውሃ እንዳትከለክዪው፣ በተለይ በዚህ ሙቀት። ሌሊቱን ደግሞ ለጊዜው ተዪው። የእኔ 4 ሊሞላው ነው፣ እስከ ዛሬ ፍራሹ ላይ ላስቲክ አነጥፋለሁ።