ማስቲሽ፣ ቤንዚን፣ ቲነር፦ ሲስተርን ጠይቁ

በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል የምንኖር ወላጆች ለመስከር ማስቲሽና ቤንዚን ስለሚስቡ ልጆች በየቡና ጠጡ ስናወራ ከርመናል። ከመካከላችን በድንገተኛ ክፍል 14 ዓመት የሠራች ነርስ ስላለች ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በጽሑፍ ጥያቄ ልትመልስልን ተስማምታለች።

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። ስትጠይቁ የልጁን ዕድሜ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትንና መቼ እንዳያችሁት ጻፉልኝ። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት፦ ልጅ ማስቲሽ ወይም ቤንዚን ሲስብ ካገኛችሁ አትጩኹበት፣ አታባርሩት፣ አትምቱት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አንዲት እናት፦ ሲስተር፣ ልጄ ሰሞኑን ተቀይሮብኛል። ምን ይሆን?

ሲስተር፦ እህቴ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ምን አየሽ? «ተቀይሯል» ብቻ ብትይኝ ምንም ልልሽ አልችልም።

አንድ አባት፦ የእኔ 13 ዓመቱ ነው። የሹራቡ እጅጌ ጫፍ ደርቆ ይንኳኳል፣ ቢጫ ነገር ተጣብቆበታል። ከንፈሩ ዙሪያ ደግሞ ቆስሏል፤ እናቱ ብርድ ነው ትላለች።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። እጅጌውን በደንብ ያዩት። የውሃ ቀለም ወይም ምግብ ከሆነ በውሃ ይለሰልሳል፤ ማስቲሽ ግን እንደ ላስቲክ ይላጣል፣ ጣፋጭ የሚመስል ሽታም ይተዋል። ብዙ ጊዜ ልጁ እጅጌውን ወደ አፍንጫው ወስዶ የተከዘ መስሎ ይቀመጣል፤ ክፍል ውስጥም አስተማሪ ፊት እንደዚያው። ብርድ ከንፈርን ይሰነጥቃል፤ ይህኛው ግን አፍና አፍንጫ ዙሪያ ክብ ሠርቶ የሚወጣ ቀይ ሽፍታ ነው፤ ፈሳሹ የቆዳውን ቅባት እያጠበ ስለሚያደርቀው ነው። በዚያ ላይ ዓይኑ ከቀላና እንባ ካቀረረ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ የአልኮል ሽታ ሳይኖረው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ምግብ ይዘጋዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሦስት አራቱ ሲገጣጠሙ ግን ዝም አይበሉ።

ያው አባት፦ እጅ ከፍንጅ ብይዘውስ? በቀበቶ ብቀጣው አይተውም?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ አይምቱት። ይህን ሁላችሁም አንብቡልኝ። የማስቲሹ፣ የቤንዚኑ፣ የላይተር ጋዙ እንፋሎት ልብን ያስደነብራል። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ አድሬናሊን የሚባል ልብን የሚያፈጥን ሆርሞን ይለቀቃል፤ ጤነኛ ልብ ፈጥኖ ይመታና ይረጋጋል። እንፋሎቱ የገባበት ልብ ግን ምቱን ስቶ ይንቀጠቀጣል፣ ደም መርጨት ያቆማል። ሚላርድ ባስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 የ110 ወጣቶችን ድንገተኛ ሞት መርምሮ የጻፈው ይህንኑ ነው። አንዳንዶቹ የወደቁት ከሩጫ ወይም ከድንጋጤ በኋላ ነበር። ለመሞት የዓመታት ሱሰኛ መሆን አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን የሞቱ አሉ።

እኔም አይቻለሁ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ዘበኛ ልጅ አባረረ፤ ሃምሳ ሜትር አልሮጠም፣ ወደቀ። ዘበኛው ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ሃይላንዱ ከጃኬቱ ውስጥ አልወጣም ነበር፣ ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ማስቲሽ አለ። አርባ ደቂቃ ደረቱን ተጫንን። አልተመለሰም። ዘበኛው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «አልነካሁትም፣ ሲስተር፣ ሩጥ ብቻ ነው ያልኩት» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አልነካውም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይግቡ፤ በሩንና መስኮቱን ይክፈቱ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግሩት፤ ዕቃውን ሳይነጥቁ ይቀበሉት፤ አጠገቡ ይቀመጡ። ቁጣዎን ለነገ ያቆዩት።

ጫማ የሚሠራ ወንድም፣ ከጊዮርጊስ፦ እኔ ቀኑን ሙሉ ከማስቲሽ ጋር ነኝ። ማታ ራሴን ያመኛል። ሱስ ይዞኝ ይሆን?

ሲስተር፦ ሱስ አይደለም፤ መመረዝ ነው። በአንዳንድ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሴን የሚባል ኬሚካል የእጅና የእግር ነርቭ ይጎዳል። ጣትህ ከደነዘዘ ወይም ጫማህ ከእግርህ ሲወልቅ ካልታወቀህ ታከም። በር ከፍተህ ሥራ፣ ቆርቆሮውን በተጠቀምክ ቁጥር ክደን። ማታ ደግሞ ቆልፍበት።

ሌላ አባል፦ ይህ የጎዳና ልጆች ችግር ነው። የእኛን ልጆች ለምን እንጠረጥራለን?

አንዲት አክስት፦ የጎዳናው ልጅ የማን ልጅ ነው? ትናንት ሊስትሮ ሆኖ ጫማህን የጠረገልህ አይደለም?

ሌላ አባል፦ ለልጅ ማስቲሽ የሚሸጥ ይታሰር፣ አለቀ።

ጫማ የሚሠራው፦ እኔ ተላላኪ ልጅ ልኬ ነው የማስገዛው። ልጁ ሊታሰርብኝ ነው?

ሌላ አባል፦ አንተው ራስህ ሂድና ግዛ!

ሲስተር፦ ቆዩ፣ እዚህ ላይ እኔም ሐሳብ አለኝ። መንገድ ላይ የሚያድር ልጅ የሚስበው ረሃቡንና የሌሊቱን ብርድ ስለሚያስረሳው ነው። አንዱን «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው «ሆዴ ዝም ይልልኛል» አለኝ። ሽያጩ ላይ መጠንቀቅ ይጠቅማል፤ አውስትራሊያ ውስጥ ቤንዚን መሳብ በበዛባቸው ሩቅ ሠፈሮች ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ የማያሰክር ዓይነት ቤንዚን ሲቀርብ የሚስቡት ቁጥር በጣም ቀንሷል። ግን ማስቲሹን ቀምታችሁ እራት ካልሰጣችሁት ወደ ቤንዚን ይሄዳል። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አንዲት እናት፦ ቤት ውስጥ ምን ምኑን ልደብቅ? በረኪናም ይሳባል?

ሲስተር፦ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ኮሬክተር፣ የላይተር ጋዝ፣ ስፕሬይ ሁሉ። ከሁሉ የምፈራው የላይተር ጋዝን ነው፤ ሲወጣ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉሮሮን አሳብጦ ይዘጋል። መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ ስንት እንዳለሽ እወቂ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውን ልብ በዪ። በረኪና ሌላ ጣጣ ነው፣ ሌላ ቀን።

አንድ አባል፦ ራሱን ቢስት ወተት እናጠጣው?

ሲስተር፦ ምንም አታጠጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሎሚም ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። በጎኑ አስተኙት፣ ንጹሕ አየር ይግባ፣ አምቡላንስ እንዲመጣ 907 ደውሉ። ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ክፍሉ ውስጥ የቡና ከሰል ካለ መጀመሪያ ልጁን ከዚያ አውጡት፣ ክብሪትም አትጫሩ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

አንዲት አክስት፦ ጸበል ብንወስደውስ?

ሲስተር፦ ውሰዱት፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ስቦ በሰከረበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ አይፍሰስበት፤ ድንጋጤው ያው ድንጋጤ ነው። ለሱሱ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ጸበሉ ሕክምናውን አያስቁም።

አንድ አባል፦ በሽንት ምርመራ ይታወቃል?

ሲስተር፦ በተለመደው አይታይም።

አንድ አባል፦ ጫትስ?

ሲስተር፦ ዛሬ ስለ ጫት አልመልስም።

አንድ አባል፦ ከተወው ጉዳቱ ይሽራል?

ሲስተር፦ የሚሽርም የማይሽርም አለ። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል ጡንቻ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን የደም ፖታሲየም ያወርዳል። አንድ ልጅ እግሩ ከድቶት በጀርባ ታዝሎ መጣ፤ ቤተሰቡ ሽባ ሆነ ብለው ያለቅሱ ነበር። ፖታሲየሙ ሲተካለት በሁለተኛው ቀን ቆመ። ለዓመታት የሳበ ግን የአእምሮው የነርቭ መሸፈኛ ይጎዳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አካሄዱ ይዛባል፣ የተነገረው ይጠፋበታል። ያ ሲመለስ እምብዛም አላየሁም።

አንድ አባል፦ እሺ ሲስተር፣ ሲስብ ያየሁትን ልጅ ከግቢዬ ላባርረው አልችልም ማለት ነው?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። አታባርረው። አታባርረው።

የመጀመሪያዋ እናት፦ ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ቅድም ፈርቼ ነው ያልጻፍኩት። 12 ዓመቱ ነው። አሁን ትራሱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘሁ፣ ቤንዚን ይሸታል። ተኝቷል።

ሲስተር፦ እህቴ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ጨርቁን ወደ ውጭ አውጪው፣ እሳት አጠገብ አይድረስ። ከዚያ በቀስታ በስሙ ጥሪው። ካልመለሰልሽ አሁኑኑ 907።

የመጀመሪያዋ እናት፦ ከፈትኩ። ጠራሁት፣ «አቤት» አለኝ።

ሲስተር፦ ተመስገን። ስለ ጨርቁ ዛሬ አትጠይቂው። በጎኑ ይተኛ፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ፣ አተነፋፈሱን እያየሽ። ነገ ጠዋት ቁርሱን ይብላና ይዘሽው ነይ፣ 2 ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።